የበርሄ እግር አውራ ጣት

ባሌ በርሄ ፒያሳ ሰዓት ሲጠግን ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሰዓቷን ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሕመሟን ይናገራል። የገዛ እግሩን ግን ጠይቆት አያውቅም። ስኳር በሽታ አለበት፤ እግሩ ከደነዘዘ ቆይቷል። "ካላመመኝ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?" ይለኛል። ግትርነት የሚያሸልም ቢሆን ኖሮ ደረቱ ላይ የኒሻን ቦታ አይተርፈውም ነበር።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አታክልቲ የእጅ ሰዓቱን አመጣ። በርሄ ፈታታት፣ ጠራረጋት፣ መልሶ ሊገጥማት ሲል መሙያዋ፣ ያቺ በጎን በኩል የምትጠመዘዘው ጉጥ፣ የለችም። ሱቁን ጠረግን፤ ጥራጊውን በወንፊት ነፋን። የለችም።

"በሰልፉ ቀን ሰዓት እንዳይኖረኝ የተሸረበ አሻጥር ነው!" አለ ጓድ አታክልቲ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። እህል አልወርድ አለን።

በዘጠነኛው ቀን የበርሄ ካልሲ ላይ ደም አየሁ። እየጮህኩበት ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ዶክተር የሺዓለም ከአውራ ጣቱ ግርጌ፣ ከውስጥ እግሩ ቁስል ውስጥ፣ አንዲት የምታብለጨልጭ ነገር በወረንጦ መዘዘች።

"ተገኘች!" ብሎ በርሄ ከአልጋው ሊዘል ምንም አልቀረው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ረግጧት እየዞረ ነበር የሚፈልጋት!

"እሷስ ተገኘች፤ እኔ የምፈራው እግርዎ እንዳይጠፋ ነው" አለች ዶክተሯ። "ደም እዚህ ድረስ ካልመጣ ቁስሉ አይሽርም። መቁረጥም ሊመጣ ይችላል።"

የክንዱን የደም ግፊት ለካች፤ መቶ አርባ። የቁርጭምጭሚቱን ለካች፤ ሁለት መቶ ሃያ።

"እግሬ ክንዴን በለጠው!" አለ በርሄ ተኮፍሶ። "ለተኪዳን፣ ተነሽ እንሂድ።"

"ቁጥሩ ያታልላል" አለች ዶክተሯ። "በስኳር የደነደነ የደም ሥር አልጨመቅ ይላል፤ የበዛው ለዚያ ነው። የጣት ደም ሥር ግን እንዲያ አይደነድንም፤ እውነቱን የሚነግረን ጣትዎ ነው።"

በርሄ መልኳ አምሮ የምትዋሽ ሰዓት ስንት አይቷል። ፈራ፤ እኔም ፈራሁ። እጄን ያዘኝ። በሰው ፊት እጄን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው።

ዶክተሯ አውራ ጣቱ ላይ ትንሽ መጠቅለያ አሰረች፤ የደም ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያም አስጠጋች። "የጣትዎ ግፊት ከሠላሳ በታች ከሆነ አስጊ ነው" አለች። ሹው፣ ሹው የሚል ድምፅ ተሰማ። በርሄ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ።

"ትሠራለች" አለ በመጨረሻ። "ዘይት ግን ትፈልጋለች።"

"ሃምሳ አምስት!" አለች ዶክተሯ እየሳቀች። "የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። ሁለት ወር ግን እግርዎ መሬት እንዳይነካ!"

እኔ ከሳቁም ከልቅሶውም ቀላቀልኩት።

ጉጧን አፍልቼ አጥቤ ሰጠሁት፤ በርሄ ተኝቶ ገጠማት። በሰልፉ ቀን ጓድ አታክልቲ ሐሳብ ሲገባው እንደሚያደርገው ጉጧን በጥርሱ ነከስ አድርጎ ሲያሰልፈን አየሁት። የት እንደከረመች እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ቁስሉ ለገና ደረቀ። በርሄ አሁን ጫማውን ሳያራግፍ አያጠልቅም። ጆሮው እግሩ ድረስ ስለማይደርስለት ደግሞ በየጠዋቱ የኔን ጆሮ አውራ ጣቱ ላይ ያስለጥፈኛል። እኔ ምን ይሰማኛል? ምንም።

"ስንት ነው?" ይለኛል ትንፋሹን ውጦ።

"ሃምሳ አምስት" እለዋለሁ።