የሰብሪያ ጉንጭ

"ቀና በሉ እማማ፤ ወደ መብራቱ ይዩ።"

የዓይን ባለሙያው ዑበይዳ ትንሿን ባትሪ ወደ እትየ ኡሙልኸይር ቀኝ ዓይን አስጠጋ። ነርሷ ንግሥቴ አጠገቡ ተቀምጣ፣ የተመዝጋቢዎቹን ወረቀት ፊቷ ዘርግታ፣ ከአፉ የሚወጣውን ቃል ትጠብቃለች። በእሷ ምኞት ቢሆን ባትሪው በጠፋ፣ ሰውየውም ከደሴ ባልመጣ ነበር። ባትሪው ግን ቦግ ብሎ በራ።

"ይህማ ድሮ የበሰለ የዓይን ሞራ ነው። ግራውም እንደዚሁ" አለ ዑበይዳ። "ባለፈው ዓመት የዓይን ሕክምና ዘመቻ ለምን አልመጡም?"

"መጥቼ ነበር እኮ ልጄ። ገና አልበሰለም፣ ለከርሞ ይቆይ ተባልኩ።"

"ማን ነው እንዲህ ያለዎት?"

"ይቺው ንግሥቴ ናታ!" አሉ እትየ ኡሙልኸይር፣ በኩራት። "እሷ ካላለች እኔ የማንንም አልሰማ።"

ዑበይዳ ወደ ንግሥቴ ዞረ። እሷ ግን ወረቀቱ ላይ አቀርቅራለች።

"እንዲያ መስሎኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ምንም አይደል ሲስተር፣ ሰው ይሳሳታል" አላት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ደግ ሆኖ ሲያልፋት እፍረቱ እስከ ጆሮዋ አጋላት።

ስማቸውን ጻፈች። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት አቀስታ ሆስፒታል ነው፤ መኪናው ነገ ቅዳሜ በጠዋት ይነሳል፤ ሰኞ ይመለሳል። አሮጊቷን ይዛ የምትሄደውም እሷው ናት።

"ፋሻው ሲፈታልኝ መጀመሪያ የማየው ልጄን ሰብሪያን ነው" አሉ አሮጊቷ በትራቸውን እየዳበሱ። "ሰኞ ከመኪና ስወርድ ቀጥታ አንቺ ቤት ነው የምትወስጅኝ። ዛሬም ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ፤ ልሰናበታታ።"

"ይምጡ እትየ" አለች ንግሥቴ። ሌላ ምን ትበል?

ንግሥቴ ሥዕል ትሰበስባለች። መካነ ሰላም ውስጥ ሰው በግ ገዝቶ በሚያረባበት ደመወዝ እሷ ሥዕል ትገዛለች። ደሴ ለሥልጠና በሄደች ቁጥር አንድ ተሸክማ ትመለሳለች። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መለማመጃ ያደረገው ሳንቃ አላት፤ የአጅባርን የከብት ገበያ የሚያሳይ የዘይት ቀለም አላት፤ በሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ሃያ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። ጎረቤቶቿ "ባል ቢመጣ የት ልትሰቅለው ነው?" እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች። ከሥራ ደክሟት ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ከአንዱ ወደ አንዱ ስታዞር የምታገኘውን ዕረፍት ግን ለማንም አስረድታ አታውቅም።

ከሃያ አንዱ አንዱ የእሷ አይደለም። የእትየ ኡሙልኸይር ልጅ ሰብሪያ፣ መምህራን ኮሌጅ ሥዕል ስትማር፣ ለዕረፍት መጥታ በመስታወት እያየች የራሷን ፊት ወረቀት ላይ ሣለች። አረንጓዴ ሻሽ፣ ደፋር ዓይን፣ በግራ ቅንድቧ ላይ በልጅነቷ ወድቃ ያተረፈችው ጠባሳ። በዚያው ዓመት በድንገተኛ ሕመም ሞተች። አባቷ ሸህ ረመዳን ቤታቸው ደረሳ ቁርኣን የሚያስቀሩበት ነውና የሰው ምስል አይሰቀልበትም፤ እናቲቱም ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ሊከቱት ሆዳቸው እምቢ አለ። እናም ሥዕሉን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ንግሥቴ ይዘው መጡ።

"አንቺ ግድግዳ ላይ ትሁን። አማና ነው፤ አደራሽን" አሏት። "ፎቶስ አላት። ፎቶው ላይ ግን ያያት ፎቶ አንሺው ነው። እዚህ ላይ ራሷ ናት ራሷን ያየች።"

ንግሥቴ ከቤቷ ሁሉ የተሻለውን ቦታ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ ለሰብሪያ ለቀቀች። እትየ ኡሙልኸይርም ጁምዓ በመጣ ቁጥር እየመጡ ፊት ለፊቷ ይቀመጡ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የአሮጊቷ ዓይን መደብዘዝ በጀመረ ሰሞን፣ ንግሥቴ በሰብሪያ ጉንጭ ላይ የዝንብ ኩስ አየች። ቁስል ስትጠርግ እንደኖረች ሁሉ ጥጥ በውሃ ነክራ ጠረገችው። የገዛቻቸው ሁሉ የዘይት ቀለም ስለነበሩ፣ ይሄኛው በውሃ ቀለም መሠራቱ ትዝ አላላትም። ጉንጩ ከጥጡ ጋር መጣ። ደንግጣ ልታስተካክል ስትል ግንባሩና ቅንድቡ ተከተሉ። ያኔውኑ ሄዳ መናገር ነበረባት። እሷ ግን ታፔላ የሚጽፈውን ጀብሪልን ጠራች። ጀብሪል በቅንነት ሠራላት፤ የሠራው ፊት ግን በፀጉር ቤት ታፔላ ላይ ያሉትን ሴቶች መሰለ። ለስላሳ፣ ቀይ፣ ጠባሳ የሌለው።

ያንን ፊት ማየት ስላላስቻላት ከበሩ ጀርባ፣ ጨለማው ጥግ ሰቀለችው። በመስኮቱ ቦታ ውርጭ የመታው የገብስ ማሳ ሥዕል አስገባች። ለእትየ ኡሙልኸይር አልነገረችም። እሳቸውም በለመዱት ወንበር ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለገብስ ማሳው ሰላምታ ሰጡ።

ከጁምዓ በኋላ ምራታቸው ሩፋይዳ፣ ወንድ ልጇን አዝላ፣ በር ድረስ አድርሳቸው ተመለሰች። እትየ ኡሙልኸይር ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

"አሰላሙ ዓለይኪ የኔ ልጅ" አሉ ወደ መስኮቱ። "ነገ ልሄድ ነው። ሰኞ እንተያያለን፤ ኢንሻአላህ።"

ንግሥቴ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

"እትየ፣ ሰብሪያ እዚያ የለችም።"

"ምን አልሽ?"

"ከበሩ ጀርባ ናት። እኔ ነኝ ያነሳኋት። በውሃ ጠረግኋት፤ ፊቷ ለቀቀ። ጀብሪል እንዲቀባው አደረግሁ። እሷን አትመስልም።"

አሮጊቷ ፊታቸውን ከመስኮቱ አላነሱም። እጃቸው ብቻ በትሩ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል።

"ዓይኗስ?"

"ዓይኗን አልነካሁትም። ሻሿም እንዳለ ነው።"

"የቅንድቧ ጠባሳስ?"

"ጠፍቷል።"

እትየ ኡሙልኸይር ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ንግሥቴ ያለቀ መስሏት ነበር። አላለቀም።

"ቆይ እስቲ" አሉ። "አምና፣ አልበሰለም ያልሽኝስ?"

ንግሥቴ ልትዋሽ አፏን ከፈተች። እንደ ጠዋቱ "መስሎኝ ነበር" ማለት ትችል ነበር።

"በስሎ ነበር" አለች። "ሥዕሉን እንዳያዩት ብዬ ነው።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" አሉ እትየ ኡሙልኸይር፣ ለራሳቸው ያህል ብቻ። "የሩፋይዳ ልጅ አምና ነው የተወለደው። ማንን ይመስላል ስል፣ አንዱ አባቱን፣ አንዱ አክስቱን ሰብሪያን ይለኛል። በእጄ እየዳሰስሁ አሳደግሁት። አሁን ቆሞ ይሄዳል።"

"ይቅር ይበሉኝ እትየ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።"

"ተነሽ። ወረቀቱስ ወረቀት ነው፤ አላህ የወሰዳትን ወረቀት አይመልሳትም። የልጁን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል?"

ተነሡ። ንግሥቴ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል ቀስ ብለው አላቀቁት። በበትራቸው እየዳበሱ እስከ በሩ ሄዱ፤ እዚያ ቆሙ፤ ሥዕሉ ከጎናቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

"ነገ ከሩፋይዳ ጋር ነው የምሄደው፤ አንቺ አትምጪ" አሉ። "ሰኞ ግን እመጣለሁ። ያደረግሽውን በዓይኔ አያለሁ።"

ንግሥቴ ብቻዋን ቀረች። አለቀሰች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ስልኳን አነሳች። እስከ ሰኞ ሦስት ቀን አለ። ጀብሪል ጠባሳ መጨመር አያቅተውም፤ ቀዩን ፊትም ጠየም ያደርግላታል። ስሙን አውጥታ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው።

ወንበር ላይ ቆማ ገብሱን ከመስኮቱ አጠገብ አወረደች። የሰብሪያን ሥዕል ከጨለማው አምጥታ በቦታው ሰቀለችው። በብርሃኑ የጀብሪል ቀለም ይበልጥ አስጠላ፤ በዚያ ለስላሳ ፊት መሐል ሁለቱ ደፋር ዓይኖች አፍጥጠው ያዩአታል። ከመሳቢያዋ አሮጌ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣች። ውስጡ ያች ጥጥ አለች፣ የሰብሪያን ጉንጭ ቀለም እንደያዘች ደርቃ፤ ለሁለት ዓመት ልትጥላት አልሆነላትም። ከሥዕሉ ሥር፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠቻት።

ከዚያ ብርሃኑ ሳይከለል እንዲገባ መጋረጃውን ከመስኮቱ ላይ አውልቃ አነሳችው።