የዓርብ ኩስኩስ ዳኛ

ሰሜን አፍሪካን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ አድርጌ የያዝኩት እኔ ታዲዮስ ነኝ። ያውም በአንድ ማንኪያ። የተባበሩት መንግሥታት ሕንጻ ከቤቴ በአውቶቡስ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ክራባት አስረው ያቃታቸውን እኔ ለ ሊኞን በሚባለው የጄኔቫ የመኖሪያ ሕንጻ ዐሥረኛ ፎቅ ላይ በነጠላ ጫማ ሠርቼዋለሁ።

ከእኔ በላይ አልጄሪያዊው ሙሳ ይኖራል፤ ከሙሳ ፊት ለፊት ሞሮኳዊው ድሪስ። አገሮቻቸው የየብስ ድንበራቸውን ከዘጉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። እነዚህ ሁለቱ ግን ዓርብ ከጁምዓ መልስ አንድ ትልቅ ሳህን ኩስኩስ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንድ ሳምንት ሙሳ ቤት፣ አንድ ሳምንት ድሪስ ቤት። ተቀምጠውም ይጣላሉ።

«ኩስኩስ ከእኛ ተራራ የወረደ ነው» ይላል ሙሳ።

«ቢወርድስ? ምግብ የሆነው እኛ ጋ ሲደርስ ነው» ይላል ድሪስ።

ከሁለቱም ያልሆነ፣ አንደበቱ የተባ፣ ቁመናው የሚያስከብር ዳኛ ተፈለገ። በጄኔቫ ከእኔ ሌላ አልተገኘም። ሙሳን ሊፍት ውስጥ ሳገኘው «ያንተ ይበልጣል፤ ለድሪስ እንዳትነግረው» እለዋለሁ። ድሪስን ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳገኘው «ያንተን የሚያህል የለም፤ ሙሳ እንዳይሰማ» እለዋለሁ። ይህን ውሸት የሚል ሰው ዲፕሎማሲ አልገባውም።

ለዚህ ወንበር የከፈልኩትን ግን ማንም አያውቅም። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ ዓርብ ጾም ነው። ኩስኩሱ ደግሞ የሚርሰው በበግ መረቅ ነው። ሥጋው ከፊቴ ባይቀርብም፣ ለልጆቹ አስቀርተውት ይሆናል ብዬ፣ መረቁን እያወቅኩ ዋጥኩት። በመጀመሪያው ዓርብ «እጾማለሁ» ብዬ ቢሆን ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ ነበር። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፤ ለእያንዳንዱ ዓርብ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። መቶ ሺህ ጊዜ ሰግጃለሁ። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ቤቱ ተንቀጠቀጠ ብላ ለአከራዩ ቢሮ፣ ለሬዢው፣ ደብዳቤ ጽፋለች። ሚስቴ ትርፍነሽ አጠገቤ ሹራቧን እየሠራች ታየኛለች። እሷን «እነሙሳ ቤት አትክልት ብቻ ነው የምበላው» ብያታለሁ።

ባለፈው መስከረም ከዙሪክ ጥሪ መጣ። አንድ ማኅበር «ሰሜን አፍሪካን አንድ ያደረገው ምንድን ነው?» የሚል ውይይት አዘጋጅቶ ሙሳና ድሪስ ኩስኩስ ሠርተው እንዲናገሩ ጋበዘ። ሙሳ «አንተም ና» አለኝ። ና ማለት መድረክ ላይ ውጣ ማለት ካልሆነ ምን ማለት ነው? ከፕላንፓሌ አሮጌ ዕቃ ገበያ ሙሉ ልብስ ገዛሁ፤ የሚኒስትር እንደነበረ ከአዝራሩ ያስታውቃል። ቤተ ክርስቲያን ለአገኘሁት ሁሉ «ዙሪክ ላይ ዋናው ተናጋሪ እኔ ነኝ» አልኩ።

ቅዳሜ ዙሪክ ደረስን። አዳራሹ በር ላይ ሐሴት የምትባል እዚያው የተወለደች ልጅ ስም ታመሳክራለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስም ሊስተ ላይ የለም።»

«በደንብ እዪው፣ የኔ ልጅ። ዳኛው ብለው ጽፈውት ይሆናል።»

«ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ ጋሼ። እርስዎ ጋስት ነዎት፤ እንግዳ። ኋላ ይቀመጡ፣ ቢተ፣ እባክዎ።»

ሙሳን በዓይኔ ፈለግኩት። መድረኩ ላይ ማይክ እየነፋ ይሞክራል።

ውይይቱ ተጀመረ። «አንድ ያደረጋችሁ ቋንቋ ነው?» ተብለው ተጠየቁ።

ድሪስ ሳቀ። «ሙሳ ቶሎ ቶሎ ሲያወራ ግማሹ አይገባኝም።»

«ባሕሩ ነው ታዲያ?» አለ ጠያቂው።

«ባሕሩማ የጣሊያንም ነው» አለ ሙሳ። «እኔ የምለው ዓርብ ነው። ዓርብ አንድ ሳህን ላይ እንቀመጣለን፤ እንግዳ ካለ ሳህኑ ለእንግዳው ይሠራል። ያ ኋላ ያለውን፣ ሙሉ ልብስ የለበሰውን ሐበሻ አያችሁት?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ክራባቴን አስተካከልኩ።

«ጎረቤታችን ነው። ዓርብ ይጾማል። እሱ አልነገረንም፤ ሚስቱ ናት በመጀመሪያው ወር ለድሪስ ሚስት የነገረቻት። ‹ቢሞት አይነግራችሁም› አለቻት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ቤታችን በግ አልገባም። ቅቤም አልገባም። በዘይትና በዱባ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት!»

«ልጆቼ ኩስኩስ ሥጋ እንዳለው ያወቁት ለእረፍት ካዛብላንካ ሄደው ነው» አለ ድሪስ።

«እሱ ደግሞ እኔን ሊፍት ውስጥ ‹ያንተ ይበልጣል› ይለኛል።»

«እኔን ልብስ ማጠቢያው ጋ!»

«ማታውኑ እየተነጋገርን ስንስቅ ኖርን!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሦስት ሺህ ሰው ይሆናል፤ ወንበሩ መቶ ሃምሳ ቢሆንም።

እኔ የማስበው ጉልበቴን ነበር። ለዱባ ነው የሰገድኩት! ጾሜን ለወዳጅነት የሸጥኩ መስሎኝ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳለቅስ ለካ ገዢ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁለቱ፣ ሚስቶቻቸው፣ የገዛ ሚስቴ። እኔን ብቻ ማንም አልነገረኝም።

«ያ ታዲዮስ!» ብሎ ሙሳ በዐረብኛ ጠራኝ እየሳቀ። «ተነሥ እንጂ፣ ወንድሜ። ዛሬ በሰው ፊት እውነቱን ተናገር። የማን ይበልጣል?»

ተነሣሁ። ማይክ አላስፈለገኝም።

«ፕላንፓሌ ገበያ ላይ የምትሸጠው የቱኒዚያዊቷ ይበልጣል» አልኩ። «የእናንተንማ በይሉኝታ ነው ስውጥ የኖርኩት።»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩ የቱኒዚያ ሰዎች እልል አሉ። የሙሳ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ድሪስ አንገቱን ደፋ። የቱኒዚያዊቷን አንድ ቀን ብቻ ነው የቀመስኩት፤ ኩስኩሱ ላይ ያደረገችው ዓሣም እሾህ ነበረው። ይህን ግን አልተናገርኩም።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ እንዲገባኝ ሁልጊዜ በፈረንሳይኛ ነበር የምናወራው። ያን ቀን ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። ድሪስ ግማሹ አይገባኝም ሲል አልነበር? ሁሉም ገባው።

ቤት ስደርስ ትርፍነሽ ሹራቧን ይዛ ተቀምጣለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት።»

«ስሰግድ እያየሽ?»

«ለዋሸኸኝ ይሁንልህ ብዬ ነው። ደግሞ ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።»

ዓርብ መጣ። ከቀትር በኋላ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። መሄድ ፈልጌ አይደለም፤ ሲያንኳኩ «አልመጣም» ለማለት ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ትርፍነሽ ቆሻሻ ልትጥል በሩን ከፈተች፤ ከደረጃው ሽታ ገባ።

«በግ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት የሙሳን ሚስት ሊፍት ውስጥ አግኝቻት ነበር። ዘንቢሏ ከብዷት ነበር።»

«ዝጊው።»

ዘጋችው። ወንበር ላይ ወጥቼ ጆሮዬን ወደ ኮርኒሱ አስጠጋሁ። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ተራራው የማን ነው እየተባባሉ ይጯጯሁ ነበር። ዛሬ የሰው ድምፅ የለም። ማንኪያ ብቻ ይሰማል።