ያልመረጠችው ኮምፒውተር

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሠራተኞች «ካውያ» የሚሏት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሥራዋ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሆቴል አንሶላና የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። ሁለተኛው ጠባይዋ ነው። ቶሎ ትግላለች፤ ከጋለች ደግሞ በቀላሉ አትበርድም።

ካውያ ጌም ትወዳለች። ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። ልጅ ሳለች እጇን ይዞ ሰፈራቸው ወዳለው ጌም ቤት ወሰዳት፤ ከዚያ ዓመት ሳይሞላ እሱንም ጓደኞቹንም በየተራ ታሸንፍ ጀመር። ያኔ «እህቴ እኮ ናት!» እያለ ይኮራባት ነበር። ካደጉ በኋላ ግን እሱ ጌሙን ተወ፤ ኩራቱንም አብሮ ተወው። እሷ አልተወችም። ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፤ በመኪና እሽቅድምድም የሚደርስባት የለም። መከራዋ ከወንበሯ ኋላ የሚቆሙት ወንዶች ናቸው። ስታሸንፍ «ዕድል ነው» ይላሉ፤ ስትሸነፍ «ሂጂ ሸሚዝሽን ተኩሺ» ይላሉ። አንድ ቀን ጭራሽ አንዱ ውድድሩ መሃል ላይ «ቆይ ላሳይሽ» ብሎ ኪቦርዱን ከእጇ ነጠቃት። ደሟ ፈላ። ተነሥታ የተናገረችውን እዚህ መድገም አይገባም። በማግስቱ ግን የራሷን ኮምፒውተር ገጣጥማ፣ በቤቷ፣ በሯን ዘግታ ለመጫወት ቆርጣ ተነሣች።

መቁረጡ ቀላል ነው፤ በእሷ ደመወዝ መግዛቱ ግን ቀላል አልነበረም። በትንሽ ገንዘብ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር መግጠም በአጭር ብርድ ልብስ እንደ መተኛት ነው፤ ራስን ሲሸፍኑ እግር ይወጣል። ካውያ የትኛው እግሯ ይውጣ እያለች የምሳ ሰዓቷን ሁሉ በዚህ ጨረሰችው። በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ በሌላው ስልኳን ትነካካለች፤ ሰዎች የገጣጠሙትን ታያለች፣ የጻፉትን ታነባለች፣ ዛሬ የወሰነችውን ነገ ታፈርሳለች።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር አዲስ ይሁን ብላ ነበር። ከዚያ ለግራፊክስ ካርዱ የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ስታይ፣ ፕሮሰሰሩን ከቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ያገለገለ አደረገችው። የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ እሱ ከደከመ ጌሙ እየተንተባተበ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አብዛኛውን ገንዘብ እዚያ ላይ ጣለችው። ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚያስታውስበትን ራም ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ትናንሽ አለች፤ ጥንድ ሲሆኑ ይፈጥናሉና። ኬዙ፣ ሁሉን የሚይዘው ሳጥን ማለት ነው፣ ተራ ጥቁር ቆርቆሮ ቢሆን፣ ጎኑም ቢጫር ግድ አልነበራትም። ስክሪንና ኪቦርድ ያገለገለ ቀድማ ገዝታ ቤት አስቀምጣለች። የማትደራደርበት አንድ ነገር ቢኖር ፓወር ሰፕላዩ ነው። ኤሌክትሪኩን ለሁሉም የሚያድለው እሱ ነውና አዲስና የታወቀ መሆን አለበት። ጌም ቤት ውስጥ ርካሹ ሲፈነዳ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ከፀጉሯ አልለቅ ብሎ ሰንብቷል፤ ኮምፒውተሩም ዳግመኛ አልሠራም።

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠውን ሰውዬ ገበያው ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል፤ ስሙን ለራሱ ያወጣው እሱው ነው የሚሉም አሉ። ካውያ ሱቁ ሄዳ አንድ በአንድ መረጠች። ሊቁ እየተነጫነጨም ቢሆን ያለችውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከትቶ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠላት።

«ቅዳሜ ካልወሰድሽ ለሌላ እሸጠዋለሁ» አላት።

ቅዳሜ ሲደርስ ሆቴሉ ተራራ የሚያህል አንሶላ ላከ። አለቃዋም ዛሬ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው የለም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ካውያ ጨነቃት። ወንድሟ ይሠራበት የነበረው መጋዘን ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነበር የሚውለው። ስትደውልለት ድምፁ ደመቀ።

«እኔ እያለሁልሽ ምን አስጨነቀሽ?»

«ጋሼ፣ ገንዘቡ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ካርቶኑ ተዘጋጅቷል። ሒሳቡን ከፍለህ ካርቶኑን ብቻ ይዘህ ና። ምንም እንዳትለውጥ፣ ምንም እንዳትመርጥ።»

«ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?»

«አይ፣ ብቻ ምንም እንዳትነካ።»

«እሺ አልኩሽ፣ እሺ!»

ማታ ቤቷ ስትደርስ የሳሎኑ መስኮት ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እየሆነ ይብለጨለጭ ነበር። በሩን ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ ጎኑ መስታወት የሆነ ትልቅ ኬዝ ተቀምጧል፤ ውስጡ እንደ ሠርግ ቤት በመብራት አሸብርቋል። ወንድሟ ፊቱ ተቀምጦ መኪና ይነዳል። ሁለት ጓደኞቹ ሶፋው ላይ ተንጋለዋል። እናቷ ከኋላ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ይስቃሉ።

«አየሽ ወንድምሽ የገዛውን?» አላት አንዱ ጓደኛው ሳይነሣ። «ዕቃ ማለት ይሄ ነው!»

ካውያ «የገዛውን» የሚለውን ቃል ሰማች። ወንድሟን አየችው። ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ስክሪኑን አየች። መኪናው ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ሌላ ነገር መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ግድግዳው ጋ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው።

ቤቱ ጨለም አለ።

«ምን ሆነሻል?» ብሎ ተነሣ ወንድሟ።

«እንግዶችህን ሸኝ።»

«በሰው ፊት—»

«ሸኛቸው ብዬሃለሁ፤ አለዚያ እኔ እሸኛቸዋለሁ።»

ጓደኞቹ ጃኬታቸውን አንሥተው ቻው እንኳ ሳይሉ ወጡ። ካውያ መፍቻ አምጥታ መስታወቱን ፈታች። ራሙ አንድ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ አቅም ግን የሌለው ነው፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አይታ የጣለችው ዓይነት። ፓወር ሰፕላዩን ፈትታ በእጇ ስታነሣው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለላት። የሠራውን ፋብሪካ ስም ፍለጋ አገላበጠችው፤ ስም የለውም።

«የኔ ዕቃ የታለ?»

«ሊቁ ነው እኮ ይሄ ይሻላል ያለኝ» አለ ወንድሟ። «ሰውየው ዕድሜውን የፈጀበት ነገር ነው፤ ከእሱ በላይ ልታውቂ ነው? ያንቺ እኮ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው!»

«ቆርቆሮ ነው! ቆርቆሮ ነው የመረጥኩት! ለፍቼ ያገኘሁትን ገንዘብ ለሚብለጨለጭ መብራት የምከፍል ይመስልሃል?»

«ተዪው እንግዲህ ልጄ» አሉ እናቷ መሃል ገብተው። «ወንድምሽ ደስ ቢለው ምን አለበት? ሥራ ካጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።»

ካውያ ወደ እናቷ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ከጩኸቷ ይብሳል።

«እኔስ እማዬ? እኔ ስስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽኝ መቼ ነው?»

ካውያ ሁሉን መልሳ ገጥማ፣ ሳጥኑን በአንሶላ ጠቅልላ ክፍሏ አስገባችው። እሁድን ከማንም ጋር ሳትነጋገር ዋለች። ወንድሟ ሁለቴ በሯን አንኳኳ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ሰኞ ጠዋት ያንን ግዙፍ ሳጥን አቅፋ ገበያው ደረሰች። መንገድ ላይ ላግዝሽ ያላትን ሁሉ ገላምጣ አልፋለች። ሱቁ ውስጥ ሊቁ ለአንድ አባትና ለልጁ ዕቃ ያሳይ ነበር። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ዱብ አደረገችው።

«ተጠንቀቁ!» አለቻቸው ገዢዎቹን። «ይሄ ሰው ያዘዛችሁትን አስቀምጦ ያላዘዛችሁትን ነው የሚሸጠው። እዩት! ስም የሌለው ፓወር ሰፕላይ። ልጅህን አጠገቡ ልታስቀምጥ ነው?»

አባትየው ልጁን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀስ በይ» አለ ሊቁ።

«ቀስ አልልም! የመረጥኩትን አይተሃል፣ ዋጋ ተስማምተናል፣ በገዛ እጅህ ካርቶን ውስጥ ከተሃል። እኔ ስቀርና ወንድ ሲመጣልህ ያጠራቀምከውን አራገፍክበት!»

ሊቁ ፊቱ ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተና ሳጥኑ አጠገብ አስቀመጠው። ከፈተው። ጥንዱ ራም፣ ካርዱ፣ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ፣ ሁሉም እንደ መረጠችው ነበር።

«ቅዳሜ ይሄንኑ አውጥቼ ፊቱ አስቀምጬለታለሁ» አለ። «ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነበር። ‹ለራሴ ነው የምገዛው› አላቸው። ጓደኛው ጥቁሩን ኬዝ አይቶ ሲስቅበት፣ ያኛውን መብራት ያለበትን አውርድልኝ አለኝ። ገንዘቡ አይበቃም ስለው፣ ከውስጡ ዕቃ ቀንስበት አለኝ። ፓወር ሰፕላዩን እንኳ ተው ብዬዋለሁ። ማን ሰማኝ? የጠየቀኝን ሸጥኩ። እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም፤ ሌባ ከፈለግሽ ቤትሽ ፈልጊ።»

ካውያ እጇን ባንኮኒው ላይ እንደ ጣለች ቀረች። ወንድሟ ተታለለ ብላ ነበር የመጣችው። ሞኝነቱን ትረግም ነበር እንጂ እሷንም ይዋሻል የሚል በሐሳቧ አልመጣም። በሰው ፊት ለስላሳ፣ እሷ ላይ ሲሆን የፈለገውን ያደርጋል፤ የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት ይሄ ነው። ንዴቷ ከሊቁ ላይ ተነሥቶ መሄጃ አጣ። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ካርቶኑ እዚህ ነው» አለችው። «ና።» ዘጋችው።

አባትና ልጁ ቀስ ብለው ወጡ። ሊቁም «ገበያዬን ገደልሽው» እያለ እያጉረመረመ ዕቃዎቹን አየ። ራሙን፣ ካርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ልለውጥልሽ አለ። የመስታወቱ ኬዝ ግን በጉዞው ተጭሯል፤ እሱን አልመልስም አለ። የኬዙ ገንዘብ ከቀረ ደግሞ ለካርዱ አይሞላም። ተከራከሩ። ካውያ ጮኸች፣ ሊቁም ጮኸ፣ ጎረቤት ሱቅ ያሉት ብቅ እያሉ አዩ። በመጨረሻ ሊቁ ከዋጋው ትንሽ ቀነሰ፤ ቢሆንም ገንዘቡ ጎደለ።

ወንድሟ ሲደርስ ካርቶኑን አየ፤ ሊቁን አየ፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ እኮ—» አለ።

«ምንም አትበለኝ። ይጎድላል።»

«አሁን እኔ ከየት ላምጣ? እያወቅሽው… ያለኝ ያ ስፒከሬ ብቻ ነው።»

ይህን ያለው ተይው እንድትለው ነበር። ትልቁን ስፒከር በደኅናው ጊዜ በደመወዙ የገዛው ነው፤ በሙዚቃው ቤቱን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥበት፣ ማንንም የማያስነካው። ካውያ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሊቁ፣ ስፒከር ትገዛለህ?»

«ደኅና ከሆነ ምን ከፋኝ።»

«ሂድና አምጣው» አለችው ወንድሟን።

«እህቴ…»

«ሂድ።»

ሄደ። ለረጅም ጊዜ ስላልመጣ ሊቁ አይመጣም ብሎ ነበር። ካውያ ግን ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ወንድሟ ስፒከሩን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ላብ አጥልቆት መጣ። ሊቁ ሰክቶ ሞከረው፤ ዘፈኑ ሱቁን ሞላው። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቶ በር ላይ ቆመ። ዘፈኑ ሲጠፋ ብቻ ዞረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳጥኑን እሱ ተሸከመ፤ ካርቶኑን እሷ። ጎን ለጎን አልሄዱም።

ኮምፒውተሩን ብቻዋን ገጠመችው። የመብራቶቹን ገመድ ነቅላ ጣለች። ራሙ ጠቅ ብሎ ሲገባ፣ ካርዱ ቦታውን ሲይዝ፣ ንዴቷ ለጥቂት ጊዜ ለቅቋት ነበር። ወንድሟ «ላግዝሽ?» ብሎ በሩ ላይ ሲቆም ግን ተመልሶ መጣ።

«አይ።»

በመጀመሪያው ሙከራ በራ። መኪናዋ ሳይንተባተብ ኩርባውን ዞረ። እናቷ ሻይ ይዘው ገብተው ከጎኗ ቆሙ፤ ስክሪኑን ሳይሆን ፊቷን ነበር የሚያዩት። ሻዩን አስቀምጠው ፀጉሯን ነካ አድርገው ወጡ።

ወንድምና እህት ለሳምንታት ከ«ጨው አቀብለኝ» የዘለለ ነገር አልተነጋገሩም። ወንድሟ የቀን ሥራ አግኝቶ ከጭነት መኪና ሳጥን ማውረድ ጀመረ፤ ማታ እጁ ተልጦ ይመጣል። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ካውያ ስትጫወት ሳያንኳኳ በሩን ገፋ አደረገና ደፍ ላይ ቆመ።

«ለጓደኞቼ ነገርኳቸው» አለ። «ያንቺ ነው አልኳቸው።»

ካውያ ጌሙን አቁማ ዞረች።

«ሳቁብህ?»

«አንዱ ሳቀ። ሥራ ፈት ነህ እንዳይሉኝ ነበር… እነሱ ፊት አንድ የራሴ ነገር እንዲኖረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አየችው። የተላጠ እጁን፣ የጠቆረ ፊቱን አየች። አሳዘናት፤ ማዘኗም አናደዳት። ሳሎኑ ውስጥ ቦርሳዋን ሳታወርድ የቆመችበት ሰዓት ዛሬም አልተረሳትም፤ ይቅርታ ስለ ተባለ ብቻ የሚጠፋ አልነበረም።

«ሰማሁህ» አለችው።

የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀ። አልመጣም። ካውያ ተነሥታ፣ ሳትወረውር፣ በቀስታ በሩን ዘጋችና ወደ ውድድሯ ተመለሰች።