የዘጠኝ ተኩሉ ደወል

«ስልክህን አምጣ» አለች አለም። «ሐዘንተኛ ስልክ አያነሳም። ለሚደውለው ሁሉ እኔ እመልስልሃለሁ።»

ፍትዊ ሰጣት። የሚስቱ ታላቅ እህት ናት፤ ልማዱም ይኸው ነው። ሚስቱ ሣባ ከተቀበረች አራት ቀኗ ነበር። አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል በተተከለው የዕድር ድንኳን ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል።

ትናንት በዚሁ ድንኳን አለም «ይሄ ሰው ልጅ አያሳድግም፤ ዳናይትን እኔ ልውሰዳት» ብላ ነበር። የሣባ አጎት አቶ ገብረዋሕድም «እስቲ ሳምንቱን ትምህርት ቤት ያመላልሳት። አንድ ቀን ከረሳት ግን ውሰጃት» ብለው ፈረዱ። ዛሬ ጠዋት ፍትዊ ራሱ አደረሳት።

መርሳቱስ ይረሳል። ዳናይት አራት ዓመቷ እያለ ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ጫማ ቤት ውስጥ ትቷት ታክሲ ተሳፍሯል። ሣባ አልጮኸችበትም፤ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ችግሩን ኤዲኤችዲ፣ ትኩረት የሚበትን ሕመም፣ ብሎ ሰየመው፤ አለም ዝርክርክነት አለችው። ሣባ ስልኩን በማስታወሻ ደወል ሞላችለት። «ዘጠኝ ተኩል፣ ልጃችን» የሚለው ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳፈረውም። ስልኩን ለአለም ሲሰጥ ግን ደወሉ እዚያ ውስጥ መሆኑ ትዝ አላለውም። በሽታውም ይኸው ነው።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ስልኩ አለም እጅ ላይ ነዘረ፤ ድምፁን ቀድማ ዘግታዋለች። ጽሑፉን አነበበች። ቀና ስትል ፍትዊ ለጎረቤቱ ስለ ሣባ እያወራ፣ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ ብሏል። ደወሉን ጭራሹን አጠፋችው። ለልጅቷ ብዬ ነው አለች በልቧ።

አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ አስተማሪዋ ዳናይትን ይዛት መጣች።

«አባዬ፣ ሁሉም ሄደው ብቻዬን ቀረሁ» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ አብጧል።

አቶ ገብረዋሕድ አቀረቀሩ። «ምን ነካህ፣ ልጄ?»

«ረሳኋት» አለ ፍትዊ።

አለም ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ፍትዊ የልጅቷን ዕቃ ራሱ አሰናዳ፤ ሣባ እንዳስተማረችው በጣቶቹ እየቆጠረ። ደብተሮቿ፣ ቀይ ሹራቧ፣ የጥርስ ብሩሿ፣ ያለሷ የማትተኛው አሻንጉሊት። አንድም ነገር አልረሳም።

አለም ዳናይትን ከኋላ አስቀምጣ መኪናዋን ካስነሳች በኋላ ስልኩን በመስኮት አቀበለችው። ከፍቶ አየው። የዘጠኝ ተኩሉ ደወል ጠፍቷል።

«ጠዋት ስነካካ እኔው አጥፍቼው ነው» አለ።

መኪናው ሲሄድ እዚያው እንደቆመ፣ ደወሉን በአውራ ጣቱ ለነገ አበራው።