መካከለኛው መቀመጫ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ የሞተው ታላቅ ወንድሜ ልዑልሰገድ ይቆማል። የሚቆመው ካሴቱ እስኪያልቅ ነው። ካሴቱ ሲያልቅ አይኖርም።

እሱን ለማየት ሶፋው ላይ መካከለኛውን መቀመጫ መያዝ ያስፈልጋል። ዳር የተቀመጠ ሰው ድምፁን ብቻ ይሰማል። ባለቤቴ ስንዱ መጀመሪያ አላመነችኝም። ቦታዬን ለቀቅኩላት፤ ተቀመጠች፣ አየችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ «ጋሼ ከስተዋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ጉዳይ አልተከራከርንም።

ካሴቱን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ተማሪ ሳለሁ። ጋሼ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አንግቶ ይዘፍናል። እኛን አያየንም፤ ከጭንቅላታችን በላይ ግድግዳውን ነው የሚያየው። መጨረሻ ላይ ያስለውና «በቃ ታፈሰ፣ ዝጋው» ይላል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ስለዚህ ያንን ቦታ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቅ ነበር። ስንዱ ቤት ስታጸዳ አንዱን ስፒከር ስንዝር ከገፋችው ጋሼ ይደበዝዛል፤ ስፒከሩን ሮጬ እመልሰዋለሁ። ሁለት ጊዜ ልቀብረው አልችልም።

ችግሩ ስንዱም ሰው መሆኗ ነው። ቀኑን ሙሉ ክሊኒክ ቆማ ትውላለች። ስትገባ ፊልም ማየት ትፈልጋለች፣ ድምፁም ከፊትም ከኋላም እንዲመጣላት ትፈልጋለች። ቴሌቪዥኑን ደግሞ ጋሼን እንዳይሻማው ብዬ መኝታ ቤት ወስጄዋለሁ።

«ሳሎኑን ለሟች ሰጠኸው። ለእኔስ ምን ቀረኝ?» አለችኝ አንድ ቀን።

እውነቷን ነው።

ሱራፌል የሚባል ሆም ቴአትር የሚገጥም ሰው አመጣች። ሱራፌል በሜትር ለካ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«አንዱ ሳሎን ለሁለቱም ይበቃል» አለ። «የፊቶቹ የእርስዎው ሁለቱ ስፒከሮች ይሆናሉ። አንድ መሀል ላይ፣ ሁለት ከኋላ እጨምራለሁ። ሙዚቃ ሲሰሙ ይቺን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሁለቱ ብቻ ይሠራሉ። ፊልም ሲሆን ይቺኛዋን፤ ሁሉም ይሠራሉ።»

«መሀል ላይ ሰው አለ» አልኩት።

«እንግዲያው ዝቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ» አለ።

ብዙ ሳሎን ያየ ሰው ስለሆነ አልገረመውም። በር ላይ ሲደርስ ግን ዘወር አለ።

«ሙዚቃውን በሁሉም እንዳይከፍቱት።»

«ለምን?»

«ዘፋኙ ቦታውን ይለቃል።»

መሀል የተቀመጠው ስፒከር የጋሼን ጉልበት ብቻ ነበር የሚሸፍነው። ቴሌቪዥኑም ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ ማታ ስንዱ ፊልሟን ታያለች፣ እሁድ ከምሳ በኋላ እኔ ካሴቴን እሰማለሁ። ሁለት ባላ ትከል ይሉ የለ? ተክዬ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

አንድ እሁድ ካሴቱን ከፍቼ መካከል ላይ ተቀመጥኩ። ስንዱ ዳር ላይ ሆና ብርቱካን ትልጣለች። የማታው ፊልም ሲያልቅ ቁልፉን ወደ ሙዚቃው እንዳልመለሰችው እኔም አላየሁ፣ እሷም አላስታወሰች። ጋሼ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ወትሮው ዘፈነ። ከዚያ እግሩን አነሳ።

እግሩን አንስቶ አያውቅም ነበር። በቀኙ ስፒከር በኩል አለፈ፣ መስኮቱን ታክኮ ሄደ፣ ከሶፋው ኋላ ገባ። የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ተሰማኝ። ስንዱ መላጧን አቆመች።

«ከኋላችን ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታፈሰ፣ አጥፋው።»

ሪሞቱ ጭኔ ላይ ነበር። አላጠፋሁትም። ሆስፒታል ከተለያየን ወዲህ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም፤ ይበልጥ እንዲቀርበኝ ፈለግኩ። የሶፋውን ክንድ ዞሮ መጣና ፊቴ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ኖር፣ ጋሼ!»

አስቤው አይደለም። ታላቅ ሲመጣ ታናሽ ይነሳል፤ መጪው «በእግዜር፣ አትነሳ» ይላል፤ ታናሽ መልሶ ይቀመጣል። ጋሼ በሕይወት ሳለ ገና ከወንበሬ ሳልላቀቅ ትከሻዬን ተጭኖ ነበር የሚመልሰኝ። ካሴቱ ላይ ግን «በእግዜር» የሚል ቃል የለም። ካሴቱ ላይ የሌለውን ሊል አይችልም። ስለዚህ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

የምቆምበት ፈለግኩ። ሳሎኑ ውስጥ ባዶ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል። አኮርዲዮኑ ከገመትኩት በላይ ይከብዳል፤ ኮቱም ብብቴ ላይ ይጠበኛል።

«በእግዜር» አለ ጋሼ፣ ዘግይቶ።

ሶፋው ከሥሩ ሰርጎድ ብሏል። ስንዱ አሁን ከዳር ሆናም አየችው። ብርቱካኑ ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ታፈሰ የት ሄደ?»

«እዚያ ቆሟል» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

«አይታየኝም።»

«ከዚህ ከመካከል ካልሆነ አይታይም።»

ስንዱ አፏን ከፈተች። «እስቲ ይነሱልኝ» ልትል እንደነበር ከንፈሯ ላይ አየሁት። ጮኼ ላበረታታት ፈለግኩ፤ ከአፌ የወጣው የዘፈኑ አዝማች ነው። ከሩቅ መጥቶ ገና አረፍ ያለን ትልቅ ሰው ከመቀመጫው ማስነሳት ግን አላደገችበትም።

«ምሳ በልተዋል?» አለችው።

ጋሼ ካሴቱ ካለቀም በኋላ እኛ ቤት ነው። የተቀመጠውም መካከል ላይ ነው። አንድ እሁድ እሱ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ስንዱ ፈጥና ቦታውን ያዘችና ካሴቱን ከፈተች። ዓይን ለዓይን ተገናኘን። «ከስተሃል» አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ። ወዲያው ጋሼ ተመለሰ። እሷም ታናሽ ናት፤ ተነሳች።

አሁን በየእሁዱ በሁሉም ስፒከሮች ትከፍትልኛለች፣ እንድራመድ ብላ። መስኮቱን ታክኬ እሄዳለሁ፣ ከሶፋው ኋላ እገባለሁ፤ በማጅራቷ በኩል ሳልፍ ትንፋሿን ትይዛለች። ዞሬ ጋሼ ፊት እቆማለሁ። ጋሼ ይወደኛል። ሁልጊዜም ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ከፍ ይላል፣ ከፍ ይላል። ከዚያ ለታናሽ እንደማይነሳ ትዝ ይለውና መልሶ ይቀመጣል።

ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ሳሉ ይመጣል። «በቃ ታፈሰ፣ ዝጋው» እላለሁ።

ስንዱ ድምፄ የመጣበትን ባዶ ቦታ ታያለች። ጋሼ ሪሞቱን ያነሳል።