የወንጌላዊ ዕንባቆም አሜን

አባቴን ስትሮክ ከጣለው ወዲህ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው፤ አሜን። ራበህ ወይ ስለው አሜን፣ ጠገብህ ወይ ስለውም አሜን። ራሱን መነቅነቅ እንኳ ተምታቶበታል። ሐኪሙ ሌላው ንግግር ሲጠፋ ብዙ የተደጋገመ ቃል ሊተርፍ እንደሚችል ነገረኝ። አልገረመኝም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ምን ሲል ኖረ?

ወንጌላዊ ዕንባቆም ይሉታል። ከከምባታ ወደ ሸቤ የመጣው በጎረምሳነቱ ለቡና ለቀማ ነበር። ከሥራ መልስ ለቃሚዎቹን ሰብስቦ መጸለይ ጀመረ፤ በኋላ ለቀማውን ትቶ ራሱን ለጌታ ሰጠ። እኔ ልጁ ከልጅነቴ የማስታውሰው ጀርባውን ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ መንደር ሲሄድ። እናቴ ስትሞት እንኳ አገልግሎት ላይ ነበር። አልዋሽም፣ በእሱም በጌታም ተቆጥቼ ኖሬአለሁ። ግን የሸቤን ጸሎት ቤት ምሰሶ በትከሻው ተሸክሞ ሲያቆም አይቻለሁ፤ ሰው ለራሱ ቤት እንዲያ አይለፋም።

አሁን ከተማ፣ መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈር፣ ከልብስ ስፌት ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኝቷል። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም። ጎረቤቴ ፋሪዳ መጥታ ታገላብጥልኛለች።

እሱ በተኛ በጥቂት ወር ውስጥ የሸቤ ምዕመን ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌው አባ ወርቅአገኘሁ አምልኮው እንደ ድሮው ይቀጥል ይላሉ። ወጣቱ ቃለሕይወት ደግሞ ነቢያት ይጋበዙ፣ መድረኩ ይለወጥ ይላል። በሸቤዎች ዘንድ ጉባኤውን የተከለ ሰው ከመሞቱ በፊት እጁን የጫነበት ሰው በጎቹን ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኔ ቤት መጣ።

መጀመሪያ አባ ወርቅአገኘሁ ከሰዎቻቸው ጋር መጡ። ጸለዩ፣ አለቀሱ፤ የእውነት ነው ያለቀሱት። ከዚያ የአባቴን በድን ቀኝ እጅ አንስተው ራሳቸው ላይ አስቀመጡና፣ “ወንጌላዊ፣ በጎቹን ለእኔ አደራ ይሰጡኛል?” አሉት።

“አሜን።”

አንዱ በስልኩ ይቀርጽ ነበር።

“አባ፣ ለሁሉም ነገር እኮ አሜን ነው የሚለው” አልኳቸው። “ጅብ ይብላህ ብትሉትም አሜን ይላል።”

“ልጄ፣ በእግዚአብሔር ሰው አፍ አይቀለድም” ብለው ባርከውኝ ወጡ።

ሳምንት ሳይሞላ ቃለሕይወት ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ፊደል ያስቆጠረው አባቴ ነው። እሱም ተንበርክኮ አለቀሰ፣ ያንኑ በድን እጅ አንስቶ ራሱ ላይ ጫነ፣ ያንኑ ጠየቀ። አባቴም ያንኑ መለሰ፤ ከጓደኞቹም አንዱ ቀረጸ። ሁለቱም ይወዱታል፤ የከፋውም ይሄ ነው። ቢጠሉት ኖሮ በሬን እዘጋባቸው ነበር።

ሲወጡ ፋሪዳ ልታገላብጠው ጎንበስ ብላ፣ “ታቢታ ኮ፣ የኔ ታቢታ፣ አባትሽ እኮ ይሰማል። ወላሂ፣ ዓይኑን እዪው” አለችኝ።

ትራሱ ርሷል።

“አባዬ፣ እንዲለያዩ ትፈልጋለህ?” አልኩት።

“አሜን” አለና በግራ እጁ ፍራሹን መታ። ደግሞ ከንፈሩን ሊያላቅቅ ታገለ፤ የወጣው ያው አሜን ነው፤ ደግሞ መታ። አይደለም ማለት ፈልጎ ነው። ቃሉ ከራሱ አፍ እየወጣ ይከዳዋል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ከማየት በቀር የምረዳው ነገር የለኝም።

የጸሎት ቤቱን በር ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ቁልፍ እንደዘጉት ስሰማ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። እሁድ ጠዋት ሚኒባስ ተኮናትሬ፣ ከፋሪዳ ጋር አባቴን ይዤ በሰቃ በኩል ሸቤ ወረድኩ። ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ወዲህና ወዲያ ተለይቶ ቆሟል። ሁለቱን ሰዎች መኪናው በር ላይ ጠራሁና፣

“ሕዝቡ እየሰማ፣ በየተራ ጠይቁት። ለሁለታችሁም አሜን ሲል ያኔ ሁሉም ይገባዋል” አልኩ። አባቴን እንደማዋርደው አውቅ ነበር፤ ሌላ መንገድ ግን አልታየኝም።

አባ ወርቅአገኘሁ ጠየቁ። አባቴ ዝም አለ። ቃለሕይወት ጠየቀ። ዝም አለ። ከንፈሩን ነክሶ ይዟል፤ አገጩ እየተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ እንዳያመልጠው በጉልበት ይታገላል።

“እምቢ እያለ ነው፤ አታዩም እንዴ?” አልኩ።

“ደክሟቸው ነው” አሉ አባ ወርቅአገኘሁ ለስለስ ብለው።

“መንገዱ ነው፣ እህቴ። እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን አስቀድመው ሰጥተዋል” አለ ቃለሕይወት።

አንዱ በስልኩ የቀረጸውን ከፈተ። ከወዲያኛው ወገንም ሌላው ከፈተ። የአባቴ ድምፅ በዚህም በዚያም አሜን አለ፤ ሕዝቡም በየወገኑ ተቀብሎ አሜን አለ። ጮህኩ መሰለኝ፤ የሰማኝ ግን ከፋሪዳ በቀር የለም። እሷም ክንዴን ይዛ፣ “በቃ፣ እንሂድ። አላህ ያውቃል” አለችኝ።

ሰቃ ስንደርስ መኪናውን አስቁሜ የውሃ ጠርሙስ ወደ አፉ አስጠጋሁ።

“አባዬ፣ ትጠጣለህ?”

ከንፈሩን እንደነከሰ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቃል አላወጣውም። ሸቤ ውስጥ ሁለት ጉባኤ አለ፤ ሁለቱም በቀረጹት ድምፅ ይምላሉ። ፋሪዳ ትለምነዋለች፣ እኔም ለእኔ ብቻ አሜን በል ብዬ እለምነዋለሁ፤ ዓይኑን ይጨፍናል። አሁን እንደጠማው የማውቀው ከንፈሩ ሲሰነጠቅ ነው።