የእሬቱ ልጆች

ባለቤቴ ቀያሽ ነበር። ቤት በቀየርን ቁጥር መጻሕፍቱ በጭነት መኪና ይሄዳሉ፤ እሬቱን ግን በጋዜጣ ጠቅልሎ በእጁ ይይዘዋል። እሱ ካረፈ በስምንተኛው ወር የእሬቱ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ስነካቸው እንደ ተቀቀለ ድንች ለሰለሱ። በእጁ ካሳደገው ነገር የቀረን እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ የእሬቱን ማሰሮ ዘቀዘቅኩት። አብረውኝ የሚኖሩት አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ወጣ። የእናቲቱ ተክል ሥር ጠቁሯል፤ ይሸታል። በጎንና በጎኗ ግን ሰባት ልጆች ተለጥፈዋል፤ ትልቁ አውራ ጣቴን አያህልም።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?" አልኩ። "እኔ የማጠጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው፤ እርስዎ ሲያሸልቡ።"

አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

"እኔም አንዳንድ ቀን አጠጣዋለሁ።"

"አንዳንድ ቀን ማለት?"

"አንቺ ሥራ ስትሄጂ።"

"በየቀኑ?"

"ቅዳሜና እሑድ አላጠጣም፤ ቤት ነሽ።"

"እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? የሱ ነገር ሲነሳ ፊትሽ ይጠቁራል። ዝም ብዬ ባጠጣው ይሻላል አልኩ። አንቺስ ለምን ተደበቅሽ?"

መልሱ ያው ነበር። ስምንት ወር አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር ስለ እሱ አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

አማቴ ጭቃውን በማንኪያ ገልበጥ አድርገው አዩት። "አየሽ፣ ልጄ በስንፍናው ያኖረውን እኛ በትጋታችን ገደልነው!"

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ጠረጴዛው አቀረቀርን።

ቢላዋውን በአልኮል ጠርጌ ልጆቹን አንድ በአንድ፣ የየራሳቸውን ሥር ሳልበጥስ ለየኋቸው። "ቀስ! ሽንኩርት መሰለሽ?" ይሉኛል። እናቲቱን መጣል ግን አልሆነልኝም። አማቴ በጋዜጣው ጠቅልለው ይዘዋት ወጡ። ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው፣ "ቀጥዪ" አሉኝ።

ልጆቹን ጥላ ባለበት መስኮት ሥር ደረደርኳቸው።

"ራቁታቸውን?"

"ቁስላቸው ሳይደርቅ አፈር ከነካቸው ይበሰብሳሉ። አምስት ቀን ይቆያሉ።"

"ዩኒቨርሲቲ ነው ይሄን ያስተማረሽ?"

"የለም፤ የመሥሪያ ቤታችን አትክልተኛ።"

"እንደሱ ከሆነ አምናለሁ።"

በአምስተኛው ቀን ታቻቸውን በምስማር በበሳኋቸው የእርጎ ኩባያዎች ውስጥ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከልናቸው። ከዚያ አሥር ቀን ያለ ውሃ። ከሁሉም የከበደን ይሄ ነው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ለሰለሰ፤ በሦስተኛው ሌላው። አንሥተን ጣልናቸው። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስገባ አማቴ መስኮቱ አጠገብ ኩባያ ሙሉ ውሃ ይዘው ቆመዋል።

"እማማ!"

"ለራሴ ነው። ጠምቶኝ።"

"እንግዲያው ይጠጡት።"

ዓይን ዓይኔን እያዩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጡት።

በአሥረኛው ቀን አምስቱም አረንጓዴ ነበሩ። ትንሹን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ አደረግኩት። አልመጣም።

"ያዘ?" አሉ አማቴ፤ ለማየት አልደፈሩም።

"ይዟል።"

ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ማንኪያ ውሃ ሰጠን፤ አንዷን እኔ፣ አንዷን እሳቸው። አማቴ ማንኪያውን እንደያዙ፣ "ለእኔ ብሎ የገዛው እሬት ነው እኮ" አሉ። "በመጀመሪያ ደሞዙ።"

"ገዛሁት ነው ያለዎት?"

"ታዲያስ?"

"ለእኔ ግን ከአንድ ቢሮ አጥር ሥር ነቅዬው ሮጥኩ ነው ያለኝ። ዘበኛው እስከ መንገዱ ጫፍ አባሮታል።"

አማቴ ማንኪያውን አስቀመጡት።

"ሌባ!" አሉ፣ ፊታቸው ወገግ ብሎ። "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።